ከኮሌጅ ሆኪ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበረዶ ላይ ሆኪ የእኛ ጨዋታ አይደለም ትሉ ይሆናል። በረዶውስ አዎ፣ የእኛ አይደለም። ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዞ ሩር ማሳደድን ግን ከገና ጨዋታ እናውቀዋለን። ደግሞም ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨርና ቦስተን የኮሌጅ ሆኪ ዋና ዋና ከተሞች ናቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሆኪ ልጫወት» ሲለው ግራ የሚገባው ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ከወላጆችም፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ከሚያዩ ሰዎችም ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኮሌጅ ሆኪ ስትል የትኛውን ነው?

ኤንሲኤኤ በሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር ያለውን፣ በተለይም ከፍተኛውን እርከን፣ ዲቪዥን 1ን። በወንዶች ከ60 በላይ ቡድኖች አሉት። በውድድር ዓመቱ መጨረሻ 16 ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። የመጨረሻዎቹ አራቱ የሚገጥሙበት መድረክ ፍሮዝን ፎር ይባላል። ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በ2024 ዋንጫውን ለ10ኛ ጊዜ አንስቷል። የሆኪ ደስ የሚለው ነገር ግን በእግር ኳስም በቅርጫት ኳስም ስሙ የማይነሳ ትምህርት ቤት እዚህ ሊነግሥ መቻሉ ነው። በ2025 ዋንጫውን የወሰደው ዌስተርን ሚሺጋን ነበር፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከኤንኤችኤል (የአሜሪካና የካናዳ ዋናው ፕሮፌሽናል ሊግ) ተጫዋቾች ምን ያህሉ በኮሌጅ ያለፉ ናቸው?

ሲሶው ገደማ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ የኤንኤችኤል ክለቦች ዓይናቸው የካናዳ ጁኒየር (የታዳጊዎች) ሊጎች ላይ ነበር፣ የኮሌጁን ልጅ «ተማሪ ነው» ብለው ይንቁት ነበር። ያን አስተሳሰብ ካናወጡት ነገሮች አንዱ በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ የሆነው ነው። አሠልጣኝ ኸርብ ብሩክስ በአብዛኛው ከኮሌጅ የሰበሰባቸውን ወጣቶች ይዞ የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 4 ለ 3 አሸነፈ። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በኋላ ኤንኤችኤል ገቡ።

ልጁ በድራፍት ከተመረጠ ታዲያ ለምን ኮሌጅ ይሄዳል?

ይሄ ከቅርጫት ኳስ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ድራፍት ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በቅርጫት ኳስ ድራፍት ማለት ኮሌጅ አበቃ ማለት ነው። በሆኪ ግን አይደለም። ክለቡ ልጁን በ18 ዓመቱ ይመርጠዋል፣ የማስፈረም መብቱን ይይዛል፣ ከዚያ «ሂድና ተማር፣ ሲደርስልህ እንጠራሃለን» ይለዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሆኖ የክለብ ንብረት ነው ማለት ይቻላል። ደመወዝ የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ስሙ ግን ተይዟል።

ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። 32ቱ ክለቦች በየዙሩ አንዳንድ ልጅ ይመርጣሉ፣ ድምሩ 224 ነው። መጀመሪያ ዙር ላይ የተመረጠ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተምሮ ይወጣል። ስድስተኛ ዙር ላይ የተመረጠው አብዛኛውን ጊዜ አራቱንም ዓመት ይቆያል።

ኮሌጅ ለተጫዋቹ ምን ይጨምርለታል?

ጊዜ ይሰጠዋል። እኔ እንደማየው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የኮሌጅ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ በዓመት ከ35 እስከ 40 ጨዋታ ቢደርስ ነው። ኤንኤችኤል ግን 82 ጨዋታ ነበረው፣ አሁን ደግሞ ወደ 84 ሊያሳድገው ተስማምቷል። የኮሌጁ ልጅ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክብደት ያነሳል፣ ይለማመዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። 18 ዓመቱ ላይ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ልጅ 22 ሲሞላው ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ሆኪ በሰውነት መጋጨት የሚፈቀድበት ጨዋታ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ልዩነት አለ። በኮሌጅ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ግዴታ ነው። ቡጢ የሰነዘረ ከጨዋታው ይባረራል፣ ቀጣዩም ጨዋታ ያመልጠዋል። በኤንኤችኤል ግን የተደባደቡት አምስት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይመለሳሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ከኤንኤችኤል ይልቅ ለኮሌጁ ይቀርባል።

ከኮሌጅ ወጥተው መቼ ነው የሚፈርሙት?

በማርችና በኤፕሪል፣ የኮሌጁ ቡድን ከተሸነፈ ማግስት። ወሬው ሁሉ በዚያ ሰሞን ነው። ቡድኑ ዓርብ ማታ ከጥሎ ማለፉ ከወጣ እሑድ ልጁ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

የዚህ ዋና ምሳሌ ኬል ማካር ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ (አምኸርስት) ተከላካይ ነበር። ኮሎራዶ አቫላንሽ በ2017 በአራተኛነት መርጦታል። ሁለት ዓመት ተማረ። ኤፕሪል 12፣ 2019፣ ዓርብ፣ የኮሌጅ ሆኪ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሆቢ ቤከር ሽልማት ወሰደ። ቅዳሜ በፍጻሜው በሚኒሶታ ዱሉዝ 3 ለ 0 ተሸነፈ። እሑድ ፈረመ። ሰኞ ዴንቨር ላይ ከካልጋሪ ጋር በኤንኤችኤል ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ተሰለፈ፣ በዚያው በመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ። ቅዳሜ ያለቀሰ ልጅ ሰኞ 18 ሺህ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን አነሳ፣ የፕሌይኦፉም ኮከብ ተባለ።

ሁሉም እንደ ማካር አይሆንም። ብዙዎቹ በዚያ ሰሞን ኤኤችኤል ለሚባለው ሁለተኛ ሊግ በሙከራ ውል ጥቂት ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ዋናው ኮንትራት ከቀጣዩ ውድድር ዓመት ይጀምራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኤንኤችኤል ኮንትራት ላይ ፊርማው ካረፈ ወደ ኮሌጅ በረዶ መመለስ የለም። ክፍል ገብቶ መማር ይቻላል፣ መጫወት ግን አይቻልም።

በድራፍት ያልተመረጠ ልጅ አለቀለት ማለት ነው?

በጭራሽ። እንዲያውም የኮሌጅ ሆኪ ጣፋጩ ታሪክ ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ማርቲን ሴንት ሉዊስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው። ለሆኪ አጭር ነው። ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫወተ፣ ጎል አገባ፣ አቀበለ። ማንም ክለብ አልመረጠውም። በ1997 ሲመረቅ አይኤችኤል በሚባል የታችኛው ሊግ በክሊቭላንድ ጀመረ። ካልጋሪ ወሰደው፣ ከዚያ በ2000 ለቀቀው። ታምፓ ቤይ ሲያነሳው 25 ዓመቱ ነበር። በ2004 በሊጉ ብዙ ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ያስመዘገበ ሆነ፣ የዓመቱ ኮከብ ተባለ፣ ስታንሊ ካፕንም አነሳ። በ2018 የዝና አዳራሽ ገባ። አሁን የሞንትሪያል አሠልጣኝ ነው።

በዚያው ቨርሞንት፣ በዚያው ቡድን ውስጥ፣ በረኛው ቲም ቶማስ ነበር። እሱስ በ1994 ተመርጧል፣ ግን 217ኛ ሆኖ። ከኮሌጅ በኋላ ፊንላንድ ሄደ፣ ስዊድን ሄደ፣ በአሜሪካ ታችኛ ሊጎች ተንከራተተ። በቦስተን ብሩይንስ ቋሚ በረኛ የሆነው 31 ዓመቱ ላይ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ጫማ ስለመስቀል በሚያስብበት ዕድሜ እሱ ገና መጀመሩ ነበር። በ2011፣ 37 ዓመት ሆኖት፣ ቦስተንን ለዋንጫ አበቃ፣ የፕሌይኦፉም ኮከብ ሆነ።

ከአሁኖቹ ደግሞ ኮነር ሄለባክን ውሰዱ። ከሚሺጋን ነው የመጣው። ታላላቆቹ ጁኒየር ሊጎች ሳያስተውሉት ቀሩ፣ ሆኪ ለመጫወት ኦዴሳ፣ ቴክሳስ ድረስ ሄደ። ሞቃቷ ቴክሳስ! ከዚያ በ130ኛነት ተመረጠ፣ ማሳቹሴትስ ሎዌል ሁለት ዓመት ተጫወተ፣ በ2013 ትምህርት ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሮዝን ፎር አደረሰ። ዛሬ የዊኒፔግ በረኛ ነው። የምርጥ በረኛ ሽልማትን ሦስት ጊዜ ወስዷል፣ በ2025 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተብሏል።

አዳም ኦትስ፣ ኤድ ቤልፎር፣ ክሪስ ኩኒትዝ፣ ቶሪ ክሩግ… ሁሉም ሳይመረጡ በኮሌጅ በኩል የገቡ ናቸው። ኩኒትዝ አራት ስታንሊ ካፕ አለው።

ያልተመረጠ ልጅ እንዲያውም አንድ የሚያስቀና ነገር አለው፦ የፈለገበት ይፈርማል። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ በማርች ወር አሥርና አሥራ አምስት ክለብ ስልኩን ሲያንጫርረው ይሰነብታል። የጀማሪ ደመወዝ ጣሪያ ስላለው በገንዘብ መጫረት አይችሉም። ስለዚህ የሚያቀርቡት ዕድል ነው፦ «እኛ ጋ ተከላካይ አንሶናል፣ ወዲያው ትሰለፋለህ» ይሉታል። ወይም የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ጨዋታዎች አሰልፈው ከኮንትራቱ አንድ ዓመት ይቆጥሩለታል።

«ኦገስት 15» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ክለብ የመረጠው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ሳይፈርም ከተመረቀ፣ በዚያ ዓመት ኦገስት 15 የክለቡ መብት ያበቃል። ልጁ ነፃ ነው።

ጂሚ ቬሲን ናሽቪል በ2012 መረጠው። ሃርቫርድ አራት ዓመት ተጫወተ፣ በ2016 የሆቢ ቤከርን ሽልማት ወሰደ። ናሽቪል ለመነው፣ አልፈርምም አለ። መብቱን ለቡፋሎ በድራፍት ምርጫ ለወጡት፣ ቡፋሎም ለመነው፣ አሁንም አልፈርምም አለ። ኦገስት 15 አለፈና ከኒውዮርክ ሬንጀርስ ጋር ፈረመ። የናሽቪል ደጋፊዎች እስካሁን ይቅር ያሉት አይመስለኝም። ሕጉ ግን ከሱ ጋር ነበር። ሌላ ሠራተኛ ቀጣሪውን መርጦ ሲገባ ማንም አይቆጣም፣ ስፖርተኛ ሲያደርገው ብቻ ነው «ከሃዲ» የሚባለው።

ኤንኤችኤል ያልገቡትስ የት ይሄዳሉ?

አብዛኞቹ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለነሱ የሚጻፈው ግን ትንሽ ነው።

ከኤንኤችኤል ቀጥሎ ኤኤችኤል አለ። 32 ክለቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ከአንድ የኤንኤችኤል ክለብ ጋር የተሳሰረ ነው። ኤንኤችኤል ከደረሱት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በዚህ አልፈዋል፣ ስለዚህ ኤኤችኤል መላክ ውርደት አይደለም። ከሱ በታች ኢሲኤችኤል አለ። እዚህ ደመወዙ በሳምንት ይከፈላል፣ ትንሽ ነው፣ ቤት ክለቡ ይሰጣል። ጉዞው በአውቶቡስ ነው። 72 ጨዋታ በአውቶቡስ አስቡት።

ከዚያ አውሮፓ አለ። ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ጥሩ ሊግ አላቸው፣ ጥሩም ይከፍላሉ። ብሪታንያ ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ግን አንዳንድ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምተው ተጫዋቹን ማስተርስ ያስተምሩታል። ዲግሪ ላለው የኮሌጅ ልጅ ይሄ ብልህ ምርጫ ነው። ሁለት ዓመት ይጫወታል፣ አገር ያያል፣ ማስተርሱን ይዞ ይመለሳል።

ደመወዙ እንዴት ነው?

በኤንኤችኤል በ2025–26 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 775 ሺህ ዶላር ነበር። ጀማሪ የሚፈርመው ኮንትራት በዕድሜው ይወሰናል፦ ከ18 እስከ 21 ከሆነ ሦስት ዓመት፣ 22 ወይም 23 ከሆነ ሁለት፣ 24 ከሆነ አንድ። ከኮሌጅ ዘግይቶ የወጣ ልጅ አጭር ኮንትራት ይፈርማል፣ ስለዚህ ወደ ትልቁ ገንዘብ ድርድር ቶሎ ይደርሳል።

ግን ጠንቀቅ በሉ። «ፈረመ» ሲባል ሚሊየነር ሆነ ማለት አይደለም። የጀማሪ ኮንትራት ሁለት ደመወዝ አለው። ላይ ኤንኤችኤል ካለ በትልቁ ይከፈለዋል፣ ታች ኤኤችኤል ከወረደ በ80 ሺህ ዶላር አካባቢ። ሂሳቡም በቀን ነው የሚሰላው። ማክሰኞ ተጠርቶ ሐሙስ የተመለሰ ልጅ የሁለት የሦስት ቀን ትልቅ ደመወዝ ይዞ ይወርዳል። ዘመድ ቤት መደወል የሚጀምረው ግን በፊርማው ዕለት ነው፣ ይሄ የእኛም የእነሱም ቤት ጣጣ ነው።

ዲግሪውን ሳይጨርስ የወጣስ?

ብዙዎቹ በክረምት ዕረፍት ኮርስ እየወሰዱ ከዓመታት በኋላ ይመረቃሉ። ያልጨረሰም አለ፣ ሞልቷል።

ትምህርትና ሆኪን አንድ ላይ ስለያዘ ሰው ከተነሳ ግን ኬን ድራይደንን የሚስተካከል የለም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በረኛ ነበር፣ በ1967 ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ሞንትሪያል ሄዶ ሕግ እየተማረ ለካናዲየንስ መጫወት ጀመረ። በ1971 መደበኛውን ውድድር ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ፕሌይኦፍ ገባ፣ ዋንጫውን ወሰደ፣ የፕሌይኦፉ ኮከብ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የተባለው ከዚያ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ነው። በ1973 በኮንትራት ሲጣላ ደግሞ ጓንቱን አስቀምጦ አንድ ዓመት ሙሉ በሕግ ቢሮ ሠራ። በአጠቃላይ ስድስት ስታንሊ ካፕ አነሳ፣ በኋላም የካናዳ ሚኒስትር ሆነ። በ2025 ነው ያረፈው።

ሴቶቹስ?

ለሴቶቹ ኮሌጅ ዋናው መንገድ ነው። ለዓመታት ችግሩ ከምረቃ በኋላ ነበር፤ ከኮሌጁ ቀጥሎ የሚያኖር ሊግ አልነበረም። የዓለም ኮከቦች ቀን ቢሮ እየሠሩ ማታ ይለማመዱ ነበር።

አሁን ፒደብሊውኤችኤል የሚባል የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ አለ። የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 1፣ 2024 ነበር። በስድስት ክለብ ጀመረ፣ በ2025 ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨመሩ። በመነሻው ስምምነት ዝቅተኛው ደመወዝ 35 ሺህ ዶላር ነበር፣ በየክለቡ ቢያንስ ስድስት ተጫዋቾች 80 ሺህና ከዚያ በላይ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ድራፍት የመጀመሪያ ምርጫ ቴይለር ሃይስ ነበረች፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ። የመረጣትም የሚኒሶታው ክለብ ነው፤ በሰፈሯ ቀረች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ2024ንና የ2025ን፣ ያነሳውም ይሄው ክለብ ነው። ገንዘቡ ከወንዶቹ ጋር ገና አይወዳደርም። ግን ልጅቷ «ሥራዬ ሆኪ ነው» ማለት ችላለች።

ስለ ካናዳ ጁኒየር ሊጎች ምን ተለወጠ?

ብዙ። ድሮ በነዚያ ሊጎች አንድ ጨዋታ የተጫወተ ልጅ እንደ ፕሮፌሽናል ተቆጥሮ የኮሌጅ በር ይዘጋበት ነበር። በ15 እና በ16 ዓመት መወሰን ግዴታ ነበር፣ ወይ ይሄ ወይ ያ። ኤንሲኤኤ በኖቬምበር 2024 ሕጉን አነሳው፣ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ሁለቱንም መንገድ መሄድ ይቻላል። በዚያው ዓመት የካናዳው ጋቪን ማኬና ፔን ስቴት ገባ። ትልልቆቹ ስሞች ወደ ኮሌጅ እየመጡ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው ያው ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ልጅ፣ ቀጣዩ ሴንት ሉዊስ፣ በዚህ ግፊያ መሐል ወንበር ያገኝ ይሆን? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥቁር ተጫዋቾች አሉ?

አሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም። ማይክ ግሪየር ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ከ1,000 በላይ የኤንኤችኤል ጨዋታ ተጫወተ። በ2022 ሳን ሆዜ ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመው፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር። ከአሁኖቹ ኬአንድሬ ሚለር አለ፣ የሴንት ፖል ልጅ፣ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የወጣ።

ልጄ ሆኪ ልጀምር አለኝ፣ ምን ልበለው?

ወጪውን አስቀድማችሁ እወቁ። የበረዶ ሜዳው ሰዓት ይከፈልበታል፣ ጫማው፣ ዱላው፣ መከላከያው ሁሉ ውድ ነው፣ ልጁ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። ያገለገለ ዕቃ ግዙ፣ ነውር የለውም፣ ፈረንጁም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ግን በረዶ ላይ መንሸራተት ይማር። ዱላው ይደርሳል።

ስኮላርሺፕን ተስፋ አድርጋችሁ ከሆነ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሃርቫርድንና ኮርኔልን የመሳሰሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ የገንዘብ ድጋፋቸው በቤተሰቡ አቅም ነው። ዲቪዥን 3 ላይም የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። ደግሞ ብዙው ልጅ ከሃይስኩል በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ጁኒየር ተጫውቶ ነው ኮሌጅ የሚገባው። 20 ዓመት የሞላው ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ብታዩ አትደንግጡ፣ ክፍል ስለደገመ አይደለም።

መጀመሪያ የትኛውን ጨዋታ ልይ?

ቦስተን ካላችሁ ቢንፖትን። የከተማው አራት ትምህርት ቤቶች፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ቦስተን ኮሌጅ፣ ሃርቫርድና ኖርዝኢስተርን፣ በፌብሩዋሪ ሁለት ሰኞዎች ይገጥማሉ። ዴንቨር ከሆናችሁ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲን ጨዋታ፣ ሚኒያፖሊስ ከሆናችሁ የጎፈርስን፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ቡድን። ሴት ልጅ ያላችሁ ሴንት ፖል ውሰዷት፣ የሚኒሶታ ፍሮስትን ታሳዩዋታላችሁ። ፓኳ፣ በሩር ፈንታ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ፣ ትንሽ ናት፣ ትፈጥናለች። ስትጠፋባችሁ ተጫዋቾቹ የሚዞሩበትን እዩ። ወፍራም ጃኬት፣ ካላችሁም ጋቢ ያዙ፣ አዳራሹ ውስጥ ይበርዳል።